ያልተጻፈ ክብረ ወሰን አይሰበርም

እኛ ኢትዮጵያውያን የምትሮጥ ሴት እንወዳለን። ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን እንጮሃለን፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከወንበራችን እንነሣለን፤ ባንዲራ ለብሳ ሜዳውን ስትዞር ዓይናችን እንባ ያቀርራል። በማግስቱ ‹‹ጀግኒት›› ብለን ፎቶዋን እንለጥፋለን። ፍቅራችን እውነተኛ ነው፣ አንክድም። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠያየቅ፤ ይህቺው የምንወዳት ሴት ደብተር ይዛ ብትመጣ የት እናስቀምጣታለን?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የትም!

የዛሬው ጠባችን ከዚህ ጋር ነው። አገራችን ለሴት ልጅ ሩጫንና ትምህርትን ሁለት የተለያዩ በሮች አድርጋ ነው ያስቀመጠቻቸው። በአንዱ ከገባሽ ሌላው ይዘጋል። ‹‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም›› ይሏታል አባቷም፣ መምህሯም፣ አሠልጣኟም። የዚህ ተረት ዋጋ ደግሞ እጅግ የሚከብደው ማንም ‹‹የአትሌት አገር›› ብሎ በማይጠራቸው ቦታዎች ነው። ለምሳሌ ሸዋ ሮቢት። ለምሳሌ የይፋት ቆላ በሞላ።

ያመለጠው ምዝገባ

በ2000 (የስፖርቱ መዝገብ እንደዚያ ስለሆነ ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያኑ ነው የምንቆጥረው) አንዲት ታዳጊ ከበቆጂ አዲስ አበባ መጣች። የመጣችው ልትማር ነበር። ስትደርስ የምዝገባው ጊዜ አልፏል። ወደ አገር ቤት ከመመለስ የማረሚያ ቤቶችን የአትሌቲክስ ክለብ መረጠች። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ በ2003 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ሁለት ወርቅ፣ በ2008 ኦስሎ ላይ በ5,000 ሜትር 14:11.15 የዓለም ክብረ ወሰን፣ በዚያው ዓመት ቤጂንግ ላይ እንደገና ሁለት ወርቅ፣ በ2012 ለንደን ላይ አንድ ተጨማሪ። ጥሩነሽ ዲባባ!

ይህን ታሪክ እንደ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው የምንተርከው። ‹‹ምዝገባው ባያመልጣት ኖሮ ጥሩነሽን አናገኛትም ነበር›› እንላለን፣ ፈገግ ብለን። ቆይ እንጂ ወዳጆቻችን፣ ይህ አባባል እኮ የሚያስቅ አይደለም! አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ብትገባ ኖሮ ዓለም የማያውቃት ሰው ትሆን ነበር ማለት ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ሯጭ የሚቀበርበት ቦታ ነው ብለን በራሳችን አፍ እየመሰከርን ነው።

አሁን ሌላይቱን እንይ። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሀሰን በ2008 ከአገር ወጥታ ኔዘርላንድ ገባች። እዚያ ነርስነት እየተማረች ነው ሩጫ የጀመረችው። ደብተሩም ታኬታውም በአንድ ቦርሳ! በ2021 ቶኪዮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ1,500 ነሐስ ወሰደች። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ማራቶኑን 2:22:55 ገብታ የእኛዋን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። በዚያን ቀን ‹‹ወርቁ ከእጃችን ወጣ›› ብሎ ያልተቆጨ ማን ነው? ወርቁ ግን ያን ቀን አልነበረም የወጣው። ልጅቱ ተማሪም ሯጭም የምትሆንበትን ቦታ ሌላ አገር ያገኘች ጊዜ ነው የወጣው።

እስቲ ትልልቅ የአትሌቲክስ ክለቦቻችንን ጥሩ። ንግድ ባንክ፣ መከላከያ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ኤሌክትሪክ፣ ሙገር ሲሚንቶ… ባንኩ ክለብ አለው፣ ጦሩ ክለብ አለው፣ እስር ቤቱ ክለብ አለው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው እንኳ ክለብ አለው። ከእነዚህ እኩል ስሙ የሚጠራ የዩኒቨርሲቲ ክለብ ስንት ትቆጥራላችሁ? ጣታችሁን አትድከሙ።

ከጣርማበር ወዲያ

የደሴን መንገድ የሄደ ሁሉ የሚከተለውን ያውቀዋል። መጀመሪያ ጫጫን ያልፋል። ጫጫ የጌጤ ዋሚ አገር ናት፤ በ1999 ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው፣ በሲድኒ ኦሊምፒክ ብርና ነሐስ የወሰደችው፣ በ2006 እና በ2007 በርሊን ማራቶንን ያሸነፈችው ጌጤ። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ቀጥሎ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጃኬት ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ መስኮት ይከፈታል። ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ግን ሌላ አየር፣ ሌላ ምድር ነው። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ትምባሆ፣ ፓፓያ።

አዲስ አበቤ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በማንጎዋና በእስር ቤቷ። ማረሚያ ቤቶች የሻምፒዮኖች ክለብ በሆነበት አገር፣ በማረሚያ ቤቷ የምትታወቅ ከተማ በሩጫ ሜዳዋ ስትጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልሰማንም።

ምክንያቱን ስትጠይቁ ዝግጁ መልስ አለ። ‹‹ቆላ አትሌት አያበቅልም፤ አትሌት የሚበቅለው ብርድ ላይ ነው››። ይህን አባባል ሁሉም ይለዋል፤ የስፖርት ጋዜጠኛውም፣ ካድሬውም፣ የታክሲ ረዳቱም። ግማሹ እውነት ነው። ኦክስጅን በሚያንስበት ከፍታ ያደገ ሰው ደሙ ይለምደዋል፤ ለ10,000 ሜትርና ለማራቶን ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ማሰልጠኛዎቻችንም አሰላን፣ በቆጂን፣ ደብረ ብርሃንን የመሰለ ደጋ መምረጣቸው ስሕተት አይደለም።

ግን አትሌቲክስ ማለት 10,000 ሜትር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በፓሪስ 2024 ሴቶች የተወዳደሩባቸው የአትሌቲክስ ዓይነቶች 23 ነበሩ። ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ያሉት ሩጫዎች መሰናክሉን ጨምሮ 6 ናቸው። አንዱ የእርምጃ ውድድር ነው። የቀሩት 16ቱስ? 100፣ 200፣ 400፣ ሁለቱ አጭር መሰናክሎች፣ ሁለቱ ዱላ ቅብብሎች፣ አራት ዓይነት ዝላይ፣ አራት ዓይነት ውርወራ፣ በመጨረሻም ሰባቱን በአንድ ላይ የያዘው ሄፕታትሎን። በእነዚህ 16ቱ ኢትዮጵያዊት ሴት በኦሊምፒክ ታሪክ አንድም ሜዳሊያ የላትም። ከ6ቱ ውስጥ እንኳ በ800 ሜትር የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘነው ገና በ2024 ነው፤ በፅጌ ዱጉማ ብር።

እንግዲህ በ100 ሜትር ሩጫ፣ በርዝመት ዝላይ፣ በአሎሎ ውርወራ የደጋ ሳንባ ብዙም አይፈይድም። የሚያስፈልገው ፈጣን ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ሲሞቅ እንጂ ሲበርደው አይፈጥንም። የዓለም ፈጣን ሴቶች ያደጉት የት ነው? ጃማይካና ሴንት ሉቺያ፣ ባሕር ዳር፣ ላብ በሚያጠምቅ ሙቀት። በሙቀት ከሆነ ይፋት ከማን ታንሳለች? ‹‹ቆላ አትሌት አያበቅልም›› ማለት እንግዲህ ከ23 ዘር ስድስቱን ብቻ ዘርቶ መሬቱን መካን ብሎ እንደ መስደብ ነው።

ደግሞ ፍጥነት የለንም አትበሉን። ፋንቱ ማጊሶ በ200፣ በ400 እና በ800 ሜትር የአገሪቱን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን 2:11:53 ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ከመስበሯ በፊት፣ በ2016 ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች። ፍጥነቱ አለ። የሌለው የሚጠብቀው ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ እንዝጋ። ‹‹የይፋት ልጅ እኮ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፣ ያ ራሱ ሥልጠና ነው›› የሚል አድናቂ አይጠፋም። አይደለም! ውኃ መቅዳት ሥልጠና አይደለም፣ ድካም ነው። ሥልጠና ማለት የሚለካ፣ የሚታረፍበት፣ የሚበላበት፣ ነገ ከዛሬ የሚሻልበት ሥራ ነው። የልጅቱን ድካም እያሞገሰ ታኬታ የማይገዛላት ሰው ወዳጇ አይደለም።

የኮሌጅ ውድድር ዘመን ምን ይሠራል?

እንግዲህ ሌላው ዓለም ይህን ነገር እንዴት እንደፈታው እንይ። በአሜሪካ ኮሌጆች ከጥር እስከ መጋቢት በአዳራሽ ውስጥ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ በሜዳ ውድድር አለ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሊባል በሚችል ደረጃ። ሴት ተማሪዋ ትማራለች፣ ትፈተናለች፣ ትሮጣለች፤ አሠልጣኝ አላት፣ ሐኪም አላት፣ ምግብ አላት። ይህ ከሰማይ አልወረደላቸውም። በ1972 የወጣ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በጾታ እንዳያዳላ ስላስገደደ የመጣ ነው። ሴቶቹ ተከራክረው ነው ያገኙት።

ፍሬውስ? ጁሊየን አልፍሬድን ውሰዱ። ሴንት ሉቺያ የምትባለው ደሴት የሕዝቧ ቁጥር ከአንዳንድ ክፍለ ከተማችን ያንሳል። ልጅቱ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ2023 የኮሌጆችን የ100 እና የ200 ሜትር ሻምፒዮና ጠቀለለች። በዓመቱ ፓሪስ ላይ 100 ሜትርን በ10.72 ሰከንድ አሸነፈች። ለአገሯ በታሪክ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ! ወላጆቿ ከሱዳን የተሰደዱት አቲንግ ሙ ደግሞ በ2021 የጸደይ ወራት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆና የኮሌጆችን ክብረ ወሰኖች ሰበረች፤ 400 ሜትርን በ49.57፣ 800ን በ1:57.73። በዚያው ዓመት ነሐሴ መባቻ ላይ ቶኪዮ ላይ የ800 ሜትር ወርቅ በ1:55.21። ፍሬሽ ተማሪ እኮ ናት! የእኛ ፍሬሽ በዚያ ዕድሜዋ የዶርም ቁልፍ ፍለጋ ላይ ናት።

‹‹አሜሪካ ሀብታም ነው›› አላችሁን? ይሁን፣ ጃማይካ እንሂድ። የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮናቸው በወንዶች ከ1910 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሴቶቹም ኋላ የራሳቸውን አገኙ። በ1999 የተመሠረተው ኤምቪፒ የተባለው ክለብ መኖሪያው የኪንግስተን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ለዓመታት የተለማመዱት በሣር ላይ በተሰመረ መም ነበር። ሣር! ሼሊ አን ፍሬዘር ፕራይስና ኢሌን ቶምሰን የወጡት ከዚያ ነው። ሼሊ አን በ2012 ለንደን ላይ የ100 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በዚያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ተመረቀች። ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ። ተወጣ!

የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከገንዘቡም ከሣሩም በላይ ነው። ክብረ ወሰን ማለት ምንድን ነው? የተጻፈ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በእነዚያ ኮሌጆች ኮሪደር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በየዓይነቱ የትምህርት ቤቱ ምርጥ ሰዓት፣ ምርጥ ርቀት፣ የባለቤቷ ስም፣ ዓመቱ። አዲስ የገባችው ልጅ በየቀኑ ታየዋለች። ከእሷ በፊት እዚህ መንገድ ላይ የሮጠች ልጅ እንደነበረች ታውቃለች፤ ስንት ሰከንድ እንደቀራትም ታውቃለች።

እስቲ እናንተ የተማራችሁበትን ዩኒቨርሲቲ አስቡ። የሴቶች የ200 ሜትር ክብረ ወሰኑ ስንት ነው? የርዝመት ዝላዩስ? አታውቁትም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የት ተጽፎ ታገኙታላችሁ? በየጊዜው የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ፌስቲቫል ይዘጋጃል፤ ቱታ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ዋንጫ ይነሣል፣ ፎቶ ይነሣል። ሁሉም ይነሣል፣ ሰዓቱ ብቻ ይወድቃል። አንድ ጊዜ የሚደረግ ድግስ ደግሞ የውድድር ዘመን አይደለም። በዓመት አንድ ቀን የሮጠች ልጅ ዕድሏን ሞከረች እንጂ አልተወዳደረችም። ያን ቀን ብታማት፣ ያን ቀን የወር አበባዋ ቢሆን፣ ያን ቀን ሚድ ቢኖራት በቃ፣ ዓመቱ አለቀ።

በይፋት ትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ በባዶ እግራቸው የሮጡ ስንት ፈጣን ልጆች እንዳለፉ ማንም ሊነግረን አይችልም። ቁጥር አልተውንላቸውም። ከጓደኞቿ ሁሉ እንደምትቀድም ብቻ የምታውቅ ልጅ ከዓለም ስንት እንደምትርቅ ሳታውቅ ትዳራለች፤ ወይ ዓረብ አገር ትሄዳለች።

የምንጠይቀው

ስታዲየም አንጠይቅም። ስታዲየም ስንጠይቅ የመሠረት ድንጋይ ነው የሚሰጡን፤ የመሠረት ድንጋይ ደግሞ በቂ አለን። የምንጠይቀው መንገዱን ነው።

የደሴን መንገድ እንደገና ተመልከቱት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። ወደ ታች ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ። ወደ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻና በደሴ። በመካከሉ በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች። ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ። ይፋት ጥንትም መተላለፊያ ነበረች፤ ወደ ዘይላ የሚወርደው ነጋዴ ያለፈባት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኝባት። አሁን ተማሪዎቿ ለምን በአንድ መም አይገናኙም?

ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ቆላው ሳይግል፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ውድድር። ረጅሙ ሩጫ ደጋው ላይ ይሁን፤ አጭሩ ሩጫ፣ ዝላዩና ውርወራው ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ። መሙ በኖራ ይሰመር። የርዝመት ዝላዩ ጉድጓድ አሸዋ ይፈልጋል፤ ሮቢ ወንዝ አሸዋ ሞልቶታል። ሜትር፣ ሰዓት መያዣ፣ መዝገብ። በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስ የሚማሩት ልጆች ዳኛና ሰዓት ያዥ ይሁኑ፤ ለእነሱም ተግባር ልምምድ ነው።

ለሴቷ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይሰጣት። ለውድድር ስትወጣ ያመለጣት ፈተና ይሰጣታል። የሚያሠለጥኗት ሰዎች ውስጥ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሆናለች። ሻሽ አስራም ሆነ ረጅም ቱታ ለብሳ መሮጥ ትችላለች። በይፋት ሙስሊም የሆኑ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሲፋን ሀሰን የማራቶን ወርቋን ፓሪስ ላይ ሂጃብ ለብሳ ነው የተቀበለችው። የልብስ ነገር ልጅ ከሜዳ የሚያስቀር ምክንያት መሆን የለበትም።

‹‹በዚህ ጊዜ ስለ ሩጫ ታወራላችሁ?››

ይህ ተቃውሞ እንደሚመጣብን እናውቃለን፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። በ2021 አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ገብቷል። ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጅ ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት ቀን ውድድር ይደረግ አንልም። አንዲትም ልጅ ለሩጫ ተብላ አደጋ ላይ አትጣል።

ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማን ቀድማ እንደምትቀር ደግሞ እናውቃለን። ወንዱ ሲከፈት ይመለሳል፤ ሴቷ በዚያ መካከል ባል ቤት ገብታለች። ስለዚህ በሩ በሚከፈትበት ቦታ ሁሉ፣ በሚከፈትበት ቀን፣ የሚመልሳት ምክንያት ያስፈልጋታል። ‹‹ቅዳሜ ውድድር አለብኝ›› የምትል ልጅ አባቷን የምትሟገትበት አንድ ተጨማሪ ቃል አላት። ‹‹የኮሌጁን ክብረ ወሰን ይዣለሁ›› የምትል ደግሞ ሁለት። ሁሉ ነገር ሰላም እስኪሆን ስፖርት ይቆይ የሚለው ሰው ወንዶች በየሰፈሩ ኳስ ሲጫወቱ ‹‹ይቆይ›› ሲል አልሰማነውም።

ሌላው ተቃውሞ ‹‹ኮሌጅ የሚመጣ ሰዓት ለዓለም አይበቃም›› የሚለው ነው። አይበቃ! ከመቶ ተማሪ ዘጠና ዘጠኙ ኦሊምፒክ አይገቡም። ነርስ፣ መምህርት፣ የሒሳብ ሠራተኛ ይሆናሉ። የእኛ የአሁኑ መንገድ ግን ዘጠና ዘጠኙን ትምህርትም ሜዳሊያም ሳይኖራቸው ነው የሚጥላቸው። አንዷ ስታሸንፍ እናለቅሳለን፤ ጉልበቷ ተጎድቶ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከክለብ የተሰናበተችውን ማን ያለቅስላታል? ዲግሪ ያላት ሯጭ ስትጎዳ ሕይወቷ አያልቅም። ኮሌጅ ማለት ለተሸናፊዋም ቦታ ያለው መም ነው።

እንግዲህ ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች፣ ለዲኖች፣ ለክልሉና ለዞኑ ስፖርት ቢሮዎች የምንለው ይህ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ሰሌዳ ስቀሉ። ባዶ ሰሌዳ ይሁን፣ ግድ የለም። ‹‹ሴቶች፤ 100 ሜትር፣ 200 ሜትር፣ 400 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ አሎሎ›› ብላችሁ ጻፉበት፤ ከጎኑ ያለውን ቦታ ክፍት ተዉት። ስም የሚሞላው ሰው ይመጣል። የመጀመሪያዋ ልጅ የምትጽፈው ቁጥር ለዓለም የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋ ግን እሱን ትሰብረዋለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የሁለተኛዋን።

ለእናንተም፣ ይህን ለምታነቡ፤ በግቢያችሁ የምትሮጥ ሴት ካለች ሰዓት ያዙላት። ስልካችሁ ላይ አለ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ ሰዓቱን ጻፉ፤ ወረቀቱን ለራሷ ስጧት። ፌዴሬሽን አያስፈልገውም፣ ደብዳቤም አያስፈልገውም።

ቸር እንሰንብት!